«አይዳ»፤ የአንድ ኦፔራ ታሪክና በውስጡ ያለችው ኢትዮጵያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አይዳ የሚለው ስም በኢትዮጵያውያን ቤት እንግዳ ስም አይደለም። ሴት ልጃቸውን አይዳ ብለው የሰየሙ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ስሙ የአንዲት የኢትዮጵያ ልዕልት መጠሪያ መሆኑን ሰምተው የመረጡት አይጠፉም። ዳሩ ግን ይህች ልዕልት በየትኛውም የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ አትገኝም። የወለዳት የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ብዕር ነው፤ ድምፅ የሰጣት ኢጣልያዊው የሙዚቃ ደራሲ ጁዜፔ ቬርዲ ነው፤ ለሕዝብ ዓይን የታየችውም በካይሮ ከተማ በዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለ «አይዳ» ኦፔራ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙውም ስለ ዝሆኑ፥ ስለ መለከቱና ስለ ድል ሰልፉ ግርማ ነው። ኢትዮጵያዊ አድማጭ ግን ከሰልፉ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነው። የግብፅ ገዢ ገንዘብ ከፍሎ ለራሱ ክብር ያሠራው ድርሰት፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ዜማ ለተሸናፊው ወገን ለመስጠት እንዴት ቻለ?

ኦፔራው ለስዊዝ ቦይ ምርቃት የተደረሰ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ከአፍ አልወረደም። እውነቱ ሌላ ነው። ቦዩ የተመረቀው በኖቬምበር 17 ቀን 1869 ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ከ«አይዳ» አንዲት ኖታ እንኳ አልተጻፈችም ነበር። ኬዲቭ እስማኤል ፓሻ ለበዓሉ የሚሆን መዝሙር እንዲደርስ ቬርዲን ማስጠየቁ እርግጥ ነው፤ ቬርዲ ግን ለአጋጣሚ በዓል ድርሰት መጻፍ ልማዱ አለመሆኑን ገልጦ በትሕትና እምቢ አለ። ስለዚህ አዲሱ የካይሮ ኦፔራ ቤት በኖቬምበር 1 ቀን 1869 በሩን የከፈተው በዚሁ ደራሲ ቆየት ያለ ሥራ፥ በ«ሪጎሌቶ» ነበር። ሕንጻው ኢጣልያዊው ፒየትሮ አቮስካኒ በነደፈው ፕላን፥ በአብዛኛው ከእንጨት፥ በጥቂት ወራት ጥድፊያ የተሠራ ነበር። እስማኤል ካይሮን እንደ ፓሪስ ለማስመሰል፥ አገሩንም ከአፍሪካ ይልቅ የአውሮፓ አካል ለማሰኘት ይጣጣር ነበርና ኦፔራ ቤቱ ከቦዩና ከሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ያላነሰ የፖለቲካ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ቤት ብቻውን አይበቃም፤ ለዚያ ቤት ተብሎ የተጻፈ፥ በግብፅ ምድር የሚፈጸም፥ ዓለም የሚያወራለት ድርሰት ያስፈልገው ነበር።

ለዚህ ምኞት መልክ የሰጠው ኦጉስት ማሪየት ነው። ማሪየት በ1821 በፈረንሳይ አገር በቡሎኝ ሱር ሜር የተወለደ፥ የግብፅን የጥንታዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ያቋቋመና የቡላቅን ቤተ መዘክር የከፈተ ሊቅ ነው። በፈርዖኖች ዘመን የሚፈጸም አንድ ታሪክ ደርሶ በጥቂት ቅጂ አሳተመና፥ በፓሪስ ወደሚኖረው የቲያትር ሰው ወደ ካሚይ ዱ ሎክል ላከው። ዱ ሎክል ቀደም ሲል የቬርዲን የ«ዶን ካርሎስ» ኦፔራ ግጥም ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር። የማሪየት ወንድም ኋላ «ታሪኩ ከእኔ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው» እያለ መከራከሩ ይታወቃል፤ ክርክሩ ግን ሙዚቃ ወዳዱን ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

ቬርዲ ጽሑፉን በ1870 የጸደይ ወራት አነበበና ወደደው። ከዚያ በፊት የቀረቡለትን ሐሳቦች ሲገፋ ቆይቶ ነበር። ከካይሮ በኩል ግን ብልኃት አልጠፋም፤ ቬርዲ እምቢ ካለ ሥራው ለጉኖ ወይም ለቫግነር ሊሰጥ እንደሚችል በጆሮው እንዲገባ ተደረገ። ይህ ዓይነቱ ወሬ በማናቸውም ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ልብ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

የውሉ ነገርም በሙያ ማኅበር ፊት ሊታለፍ አይገባውም። ቬርዲ የገበሬ መሬት እየገዛ ያደገ፥ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነበር። የጠየቀው ዋጋ 150,000 የፈረንሳይ ፍራንክ ሆኖ፥ ገንዘቡ በፓሪስ በሮትሺልድ ባንክ በኩል እንዲከፈለው ነበር። ይህም የግብፅን መብት ብቻ የሚመለከት ነው፤ በቀረው ዓለም ያለው የድርሰቱ ባለቤትነት ከእጁ አልወጣም። ካይሮ ሄዶ ልምምዱን የመምራት ግዴታም አልተቀበለም። ኦፔራው በጃንዋሪ 1871 እንዲቀርብ ተቆረጠ፤ ካይሮ በቀኑ ካላቀረበችም ደራሲው ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ስፍራ ማሳየት እንዲችል በውሉ ገባ። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ኋላ እንዴት ያለ ራስ ምታት እንደምታመጣ ሲዋዋሉ ማንም አላሰበም።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አይዳ በጦርነት ተማርካ በሜምፊስ ቤተ መንግሥት የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ ባሪያ ሆናለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ መሆኗን ግን የሚያውቅ የለም። እርስዋም እመቤቷም ራዳሜስ የተባለውን ወጣት የጦር ሰው ይወዳሉ። ኢትዮጵያውያን ግብፅን ወርረው ወደ ቴብስ ሲገሠግሡ ራዳሜስ አዝማች ሆኖ ይሾማል፤ ድል አድርጎም ይመለሳል። ከምርኮኞቹ መካከል ማንነቱን ደብቆ አሞናስሮ ይገኛል። ንጉሡ ልጁን በሌሊት በዓባይ ዳር አግኝቶ፥ የግብፅ ጦር በየትኛው መንገድ እንደሚዘምት ከወዳጇ አፍ እንድታወጣለት ይጫናታል። ራዳሜስ ምስጢሩን ይናገራል፤ ይያዛል፤ ካህናቱም ከነሕይወቱ እንዲቀበር ይፈርዱበታል። መቃብሩ ሲዘጋ አይዳ ቀድማ ገብታ በጨለማው ውስጥ ትጠብቀዋለች።

ይህን ታሪክ ቬርዲና ዱ ሎክል በሳንታጋታ፥ በቬርዲ የእርሻ ቤት ተቀምጠው በፈረንሳይኛ ስድ ንባብ ዘረዘሩት፤ ከዚያ አንቶኒዮ ጊዝላንዞኒ በኢጣልያንኛ ግጥም አደረገው። ለጊዝላንዞኒ የተጻፉት ደብዳቤዎች እንደሚያሳዩት ግን ግማሹ ገጣሚ ቬርዲ ራሱ ነበር። ቤት እንዲመታ ሲባል የተጨመረን ቃል ይሠርዛል፤ መስመር ያሳጥራል፤ አልፎ አልፎም የራሱን ረቂቅ ይልካል። ከገጣሚው የሚፈልገው ጌጥ ሳይሆን፥ በመድረኩ ላይ ያለውን ነገር በአንድ ጊዜ ግልጥ አድርጎ የሚያወጣ ቃል ነበር፤ ለዚህም «የመድረክ ቃል» የሚል መጠሪያ አውጥቶለታል። ሙዚቃውን በአራት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ጻፈው።

በዚህ መካከል ጦርነት መጣ። በጁላይ 1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ ተጋጠሙ፤ በሴፕቴምበርም ፓሪስ ተከበበች። የ«አይዳ» አልባሳትና የመድረክ ሥዕሎች የሚሠሩት በፓሪስ ነበርና ዕቃው ሁሉ በከበባው ውስጥ ቀረ፤ ሥራውን ሊቆጣጠር የሄደው ማሪየትም አብሮ ተዘጋበት። የጥንቱ ግብፅ ዘውድና ቀሚስ በረኃብ በምትጨነቅ የአውሮፓ ከተማ ውስጥ ወራት ሙሉ ተቀመጠ። ቬርዲ ከመጀመሪያው ክፍያ 2,000 ፍራንክ ለቆሰሉ የፈረንሳይ ወታደሮች እንዲሰጥለት አደረገ። የጃንዋሪው ቀን አለፈ፤ በውሉ መሠረት ቬርዲ ካይሮን ሳይጠብቅ ሚላኖ ላይ የማሳየት መብት ሊያነሣ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሁኔታውን ተረድቶ ታገሠ።

የጦርነቱ ምልክት በድርሰቱ ውስጥም ቀርቷል። ቬርዲ በ1870 መስከረም ላይ ለጊዝላንዞኒ ሲጽፍ፥ በድል ሰልፉ ላይ ካህናቱ ድሉን ከአምላክ የተሰጠ አድርገው እንዲያመሰግኑ ጠየቀው፤ ለምሳሌ ያመለከተውም የፕሩስያ ንጉሥ ዊልሄልም ከጦር ሜዳ የሚልካቸውን ቴሌግራሞች ነበር። ስለዚህ ዛሬ በየአደባባዩ እንደ ደስታ ሙዚቃ የሚነፋው ሰልፍ፥ ሲጻፍ ድልን በአምላክ ስም የሚያሸልሙ ሰዎችን የሚታዘብ ዓይን ነበረበት። ይህን የማይሰማ አዘጋጅ ዝሆን ያስገባበታል።

በካይሮ ልምምዱ ሲጀመር ማሪየትን ያስጨነቀው የዘፋኞቹ ጢም ነበር። ፈርዖንን ሪዝ አሳድጎ ማየት ለጥንታዊ ታሪክ ሊቅ የማይቻል ነገር ስለ ሆነ፥ ዘፋኞቹ ሁሉ ጢማቸውን እንዲላጩ ለኦፔራ ቤቱ ሹም ለድራኔት ቤይ በጽሑፍ አሳሰበ። በመጀመሪያው ሌሊት ኦርኬስትራውን የመራው በኮንትራባስ ጨዋታው የታወቀው ጆቫኒ ቦቴሲኒ ነበር፤ አይዳን አንቶኒየታ ፖዞኒ፥ ራዳሜስን ፒየትሮ ሞንጂኒ ተጫወቱ። ቬርዲ አልሄደም። ለምርቃቱ ከአውሮፓ የተጠሩት ጋዜጠኞች የሚያደርጉት ጫጫታም አላስደሰተውም፤ ጥበብ ወደ ማስታወቂያ ንግድ ተለውጣለች ብሎ ማዘኑን ወደ ካይሮ ለሚጓዘው ሐያሲ ለፊሊፒ ጽፎለታል።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት በመድረኩ ላይ የታየችው «ኢትዮጵያ» የትኛዋ ናት? የዘመኑ የአውሮፓ ጋዜጦች የዐፄ ቴዎድሮስን አገር አቢሲኒያ ይሏት ነበር፤ የመቅደላ ዘመቻም ከሦስት ዓመት በፊት፥ በ1868፥ የዓለም ወሬ ሆኖ ነበር። የማሪየት ኢትዮጵያ ግን የግሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያ፥ ይኸውም ከአስዋን በስተደቡብ ያለው የኩሽ አገር ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህን መቀያየር ያውቀዋል፤ በመዝሙረ ዳዊት እጆቿን የምትዘረጋው ኢትዮጵያ በዕብራይስጡ ኩሽ ናት። በኦፔራው ውስጥ ስሟ የሚነሣው ናፓታም በዛሬይቱ ሱዳን፥ በጀበል ባርካል ተራራ ሥር የነበረች የኩሽ ዋና ከተማ ናት።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጠነክራል። በ1862 በዚሁ በጀበል ባርካል አንድ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ተገኝቶ ወደ ካይሮ መጥቶ ነበር። በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የናፓታው ንጉሥ ፒዬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ ሰሜን ዘምቶ ግብፅን እንዴት እንዳስገበረ ይተርካል፤ ከያዛቸው ከተሞችም አንዷ ሜምፊስ ናት። ንጉሡ ድል ባደረገበት አንድ ከተማ የተራቡ ፈረሶች አይቶ ከሰዎቹ በደል ይልቅ በዚያ መቆጣቱ ሳይቀር ተጽፏል። ከእርሱ ወገን የተነሡት ነገሥታት በታሪክ ሃያ አምስተኛው ሥርወ መንግሥት ተብለው ግብፅን ገዝተዋል። ማሪየት ይህን ሐውልት ከማንም በፊት ለዓለም ሊቃውንት ካስታወቁት አንዱ ነው፤ ሐውልቱም በራሱ ቤተ መዘክር ነበር። የኢትዮጵያ ነገሥታት በሜምፊስ እንደ ነገሡ የሚያውቀው ሰው፥ ለኬዲቩ ሲጽፍ የኢትዮጵያን ንጉሥ በግብፅ ምርኮኛ አደረገው። የሊቅነት ጉድለት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ማን እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል።

ቬርዲ ግን ደመወዝተኛ አልነበረም። በ1813 ሲወለድ መንደሩ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ወጣትነቱ ሰሜን ኢጣልያ በኦስትርያ እጅ ሳለች አለፈ፤ በ«ናቡኮ» ኦፔራው ውስጥ በባቢሎን የተማረኩትን ዕብራውያን በአንድ ድምፅ አስለቅሶ ስሙን ያስጠራው በ1842 ነው፤ በ1861ም ነጻ በወጣችው ኢጣልያ የመጀመሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኖ ተመርጧል። አገሩን ያጣ ሕዝብ ማለት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ የተማረው አልነበረም። ስለዚህ የማሪየትን ጽሑፍ ሲያነብ ልቡ ወዴት እንዳደላ ከሙዚቃው ይሰማል።

በመጀመሪያው ገቢር ሕዝቡ ራዳሜስን ድል አድርገህ ተመለስ ብሎ ሲጮህ አይዳም አብራ ትጮሃለች። መድረኩ ባዶ ሲሆን ያንኑ ቃል ትደግመዋለች፤ በአፏ ውስጥ ሳለ ግን ትርጉሙ ይገለጥላታል። ድሉ በማን ላይ ነው? በአባቷ፥ በወንድሞቿ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የምትዘፍነው ሁሉ በዚህች ቅጽበት ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስተኛው ገቢር ሲከፈት ቫዮሊኖች አንዲቱን ኖታ ብቻ ከላይ እስከ ታች እየደጋገሙ ሲያርገበግቡ ዋሽንት በላያቸው ይንሳፈፋል፤ ሌሊቱ፥ ውሃውና ሙቀቱ በዚህ ብቻ ይታያል። አይዳ ዳግም የማታየውን የአገሯን ሰማይ የምታነሣበትን አሪያ ቬርዲ የጨመረው የቀረውን ከጻፈ በኋላ ነው፤ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ተሰምቶት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ቀጥሎ አሞናስሮ ይመጣል። በመጀመሪያ በአገር ጫካና ሽታ ያባብላታል፤ ስታመነታ የተቃጠለውን መንደር፥ የተገደሉትን እናቶች ያስታውሳታል፤ እምቢ ስትል የእናቷን ጥላ ይጠራባታል፤ በመጨረሻም ልጄ አይደለሽም፥ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይጥላታል። ጭካኔ ነው። ዳሩ ግን ስትወድቅ ኦርኬስትራው ዝቅ ይልና የተሸነፈ ሕዝብ በእርሷ በኩል ብቻ ሊነሣ እንደሚችል የሚነግርበት ዜማ ይመጣል፤ በጠቅላላው ድርሰት ውስጥ ከዚህ የሚሰፋ ዜማ ለአንድም ግብፃዊ ባለ ሥልጣን አልተሰጠም። ካህናቱ ክሳቸውን ሦስት ጊዜ ሲያነቡ፥ ራዳሜስ ሦስት ጊዜ ዝም ሲል፥ የፈርዖን ልጅ ራሷ ካህናቱን ትረግማለች። ኦፔራውም በሰልፍና በመለከት አይዘጋም፤ ሁለት ድምፆች በመቃብር ውስጥ እየሳሱ፥ አምኔሪስ ከላይ ሰላም እየለመነች፥ በሹክሹክታ ያልቃል። ቲያትሩን የከፈለው ገዢ በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ቢሄድ የፈለገውን አግኝቶ በሄደ ነበር።

እስማኤል በመድረኩ ድል ብቻ አልረካም። ኦፔራው ከታየ ጥቂት ወራት በኋላ፥ በ1872፥ ለግብፅ የሚሠራው ስዊሳዊ ሙንሲንገር ከረንን ያዘ። በ1875 የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በዴንማርካዊው በአሬንድሩፕ የሚመራው ሠራዊት መረብን ሊሻገር ሲገሠግሥ በጉንደት ከዐፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ገጥሞ ተደመሰሰ፤ አዝማቹም ሞተ። ሙንሲንገር በዚያው ወር በአውሳ በኩል ሲያልፍ ተገደለ። በማርች 1876 የተላከው የሚበልጠው ሠራዊት፥ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖች እያማከሩት፥ የኬዲቩም ልጅ ልዑል ሐሰን አብሮት ሳለ፥ በጉራዕ ተሸነፈ። በሁለቱም ጦርነት የአሉላ እንግዳ ስም ከፍ ብሎ ይነሣል። የጉንደት ውጊያ በሆነበት በዚያው ኖቬምበር እስማኤል በዕዳ ተጨንቆ የስዊዝ ቦይን አክሲዮኖች በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በ1879 ከሥልጣን ወረደ፤ ለስደቱም የሄደው ወደ ቬርዲ አገር፥ ወደ ናፖሊ ነው።

ኦፔራው የባለቤቱን ዕድል አልተካፈለም። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1872 በሚላኖ ላ ስካላ ሲቀርብ፥ ቬርዲ ይህን ዝግጅት ካይሮ ከነበረው ይልቅ እንደ እውነተኛው ምርቃት ቆጥሮ ልምምዱን ራሱ ተቆጣጠረ፤ አይዳን ቴሬዛ ስቶልዝ፥ አምኔሪስን ማሪያ ቫልድማን ተጫወቱ። ለዚያ በዓል አንድ ረጅም የመክፈቻ ሙዚቃ ጽፎ ነበር፤ በልምምድ ሰምቶ አልወደደውምና አስቀረው። በዚያው ዓመት በፓርማ ሁለት ጊዜ ያየ አንድ የሬጆ ሰው ኦፔራው አልጣመኝም ብሎ የትኬቱን፥ የባቡሩንና የእራቱን ወጪ፥ በጠቅላላው 31 ሊሬ ከ80 ሣንቲም፥ ከደራሲው በደብዳቤ ጠየቀ። ቬርዲ አሳታሚው እንዲከፍለው አዘዘ፤ ሰውየው ቤቱ መብላት ይችል ነበር በማለት ግን የእራቱን ቀነሰ፤ ሁለተኛ አዲስ የቬርዲ ኦፔራ እንዳይሰማም አስፈረመው።

ቬርዲ የጉራዕን ዜና ሲሰማ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ኢጣልያ በራሷ በኩል በአፍሪካ ጦር ባሰለፈች ጊዜ ግን፥ በሽምግልናው ያነጋገሩት ኢታሎ ፒትሲ እንደ መሰከሩት፥ አገሩ የጨቋኝን ሥራ በመያዟ ጥፋተኛ መሆኗንና ዋጋ እንደምትከፍልበት ተናግሯል። የሞተው ከዓድዋ አምስት ዓመት በኋላ፥ በ1901 ነው።

ከዚያ ወዲህ «አይዳ» በብዙ እጅ አልፋለች። በ1913 የቬርዲ መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር በቬሮና ጥንታዊ የሮማውያን ሜዳ ታየች፤ የዝሆንና የግመል ልማድ የተስፋፋው በዚህ መሰል ሰፊ ስፍራ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያን ልዕልት የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ነጭ ዘፋኞች ነበሩ፤ ይህ ልማድ በ2022 ሳይቀር በቬሮና ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሌዎንታይን ፕራይስ በ1985 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የስንብት ሌሊቷን በአይዳ ስታደርግ፥ በአገር ናፍቆቱ አሪያ ላይ ተመልካቹ ለብዙ ደቂቃ አላስቀጥል ብሏት ነበር። ፍልስጥኤማዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሰዒድ ደግሞ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ኦፔራው ከአውሮፓ ግዛት መስፋፋትና ከእስማኤል የኢትዮጵያ ምኞት ጋር ያለውን ዝምድና አጥብቆ መረመረ። ሰዒድ ስለ ማሪየትና ስለ ካይሮ የጻፈው የሚያስደንቅ ነው፤ ለአሞናስሮ ዜማ ግን የሚገባውን ያህል ጆሮ የሰጠ አይመስልም።

የካይሮው ኦፔራ ቤት በኦክቶበር 28 ቀን 1971፥ «አይዳ» በመድረኩ ላይ ከታየች መቶ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀረው፥ በእሳት ወደመ። እንጨት ነበርና ብዙ አልቆየም። አዲሱ ኦፔራ ቤት በጃፓን መንግሥት እርዳታ በሌላ ስፍራ፥ በዓባይ ደሴት ላይ ተሠርቶ በ1988 ተከፈተ። አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ቆሟል፤ አደባባዩ ግን የኦፔራ አደባባይ የሚለውን ስሙን አልለቀቀም።